«ማን ነበረ?» ብዬ የጠየቅሁበት ረቡዕ

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ጅቡቲ ከገባሁ ሰባት ዓመት ሆኖኛል፤ ፈረንሳይኛዬ ለገበያ፣ ሶማልኛዬ ለሰላምታና ለጭቅጭቅ ይበቃል፣ ትምህርቴ ግን ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ ስለ ኮምፒውተር ሳወራ «ይቺ ደግሞ ይህን የት ተማረችው?» እንዳትሉኝ ነው። የትም ገብቼ አልተማርኩም። ካርቲየ 6 ውስጥ፣ በአንድ ትራንዚት ቢሮ፣ ወለል እየወለወልኩ ነው የለመድኩት።

ቢሮው የሐጂ ዑመር ነበር። ሐጂ የአገሩ ሰው ናቸው፤ ከኢትዮጵያ የሚመጡት ከባድ መኪኖች ዶራሌ ወደብ ገብተው ጭነት እንዲያነሱ ወረቀታቸውንና ተራቸውን ያስፈጽማሉ። እዚያ ያስገባኝ ታላቅ ወንድሜ ጌታቸው ነው። እኔ «ወንድም ጋሼ» ነው የምለው፤ በዚያ መንገድ ላይ ፀጉሩን ያሸበተ ሾፌር ነው። መጀመሪያ ለጽዳት ገባሁ። ቀጥሎ፣ ሾፌሮቹ የሚያወሩት አማርኛ ስለሆነ፣ ስልክ አንሺ ተባልኩ። ቀጥሎ ተራ መዝጋቢ ሆንኩ። በመጨረሻ ኤርሚያስ የሚባል የአገሬ ልጅ ተቀጥሮ የተራውን ነገር ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሲያዞረው፣ መወልወያዬን ተደግፌ እጁን ሳይ ዓመት ከረምኩ።

ኤርሚያስ ሌላ አገር ሥራ አግኝቶ ሊሄድ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሐጂ «ታዲያ ይህን ነገር ማን ሊይዝልን ነው?» አሉት። በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ። ሐጂ ሳቁ፤ እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም። በማግስቱ ደብተር ግዢ ብሎኝ ባለ ሠላሳ ሁለት ገጽ ደብተር ይዤ መጣሁ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ እያነበበ አጻፈኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተራው ፕሮግራም የሚሠራው ኮምፒውተሩ ውስጥ ለብቻዋ በተከለለች አንዲት ክፍል ነው። ሥራው ያላቸው ሰዎች ኮንቴነር ይሏታል። የሚያስፈልጋትን ሁሉ ይዛ ተዘግታ የምትቀመጥ ክፍል ናት፤ በማውስ ነካ ነካ ተደርጎ አይገባባትም። ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ ትእዛዝ መጻፍ ነው። ትእዛዞቹ በላቲን ፊደል የተጻፉ፣ ለእኔ ትርጉም የማይሰጡ ነበሩ፤ ስለዚህ ከእያንዳንዳቸው ጎን በአማርኛ ስም አወጣሁላቸው። በዚያ ሰዓት የሚሠሩትን ኮንቴነሮች የምትዘረዝረዋን «ማን አለ?» አልኳት። ወደ ውስጥ የምታስገባዋን «ቤቶች!» አልኳት፤ ሰው ደጃፍ ላይ ቆመን እንደምንጣራው። ለምን እንደታመመች የምታስነግረዋ «ምን ሆንሽ?» ሆነች። ፋይል ከውስጥ ወደ ውጭ የምታወጣዋ «ቅጂ»። ሌላም ነበረች፤ «ማን አለ?» ላይ አንዲት ፊደል ሲጨመርባት የሚሠሩትን ብቻ ሳይሆን የቆሙትንም ትቆጥራለች። እሷን «ማን ነበረ?» ብያት አለፍኩ፤ ተጠቅሜባትም አላውቅም። የምትሰርዘዋን ግን ኤርሚያስ ራሱ ቀይ እስክሪብቶ ተቀብሎኝ «አስወግጂ፤ አደራ እንዳትነኪ» ብሎ ጻፈልኝ።

በዚህች ደብተር ቢሮውን አንድ ዓመት ከምናምን አስተዳደርኩ። ጠዋት ገብቼ «ማን አለ?» እላለሁ፣ አለሁ ትለኛለች፣ «ቤቶች!» ብዬ እገባና የሾፌሮቹን ተራ አያለሁ። ስትደክም አቆማታለሁ፣ መልሼ አስነሳታለሁ። ወንድም ጋሼ ሻይ ይዞ መጥቶ ከኋላዬ ቆሞ ያየኛል። «ከዚህ ጥቁር ነገር ጋር ስታወሪ ጠንቋይ ቤት የገባሁ ነው የሚመስለኝ» ይላል። ለእሱ ወረቀት ወረቀት ነው፤ ገልጠህ ታየዋለህ፣ አለቀ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

የቢሯችን በር ላይ የአማርኛ ጽሑፍ አለ። ወደ የመን ሊሻገሩ ከአገር የወጡ ልጆች ያንን ጽሑፍ ሲያዩ ይገባሉ። ውሃ ይጠይቃሉ፤ አንዳንዱ አንዴ ስልክ ላስደውል ይላል። አንድ ቀን አንዲት እናት፣ ቁጥራችንን ከየት እንዳገኘችው አላውቅም፣ ደውላ «ልጄ በእናንተ በኩል አልፎ ነበር ወይ?» አለችኝ። አልፎ ይሆናል፤ ግን ስሙን መቼ ጠይቄው። ከዚያ ቀን ወዲያ ውሃ የጠጣውን ሁሉ መመዝገብ ጀመርኩ። ስም፣ አገር፣ የቅርብ ሰው ስልክ፣ ጅቡቲ ውስጥ የት እንዳለ፣ መቼ እንደሚሄድ። የመጀመሪያውን መዝገቤን በወረቀት ያዝኩት፤ የቢሮው ኤር ኮንዲሽነር በሰኔ እንደ ጣሪያ ሲያፈስ ደብተሩን አርሶ ቀለሙን አንድ ላይ አቀለጠው። ያኔ ነው ኮምፒውተሩ ላይ ልጻፈው ያልኩት። የት? መጻፍ የማውቀው አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ ጠዋት ጠዋት «ቤቶች!» ብዬ የምገባባት ክፍል ውስጥ። ፋይሉን «እንግዶች» አልኩት። ክፍሏን ስንት ጊዜ አቁሜ አስነሳኋት፣ እንግዶቼ ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። ተማመንኩባት። ለሐጂ አልነገርኩም፤ ለማንም አልነገርኩም።

ያ ረቡዕ በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው። የእኛ አገር ክረምት ማለቴ ነው፤ ጅቡቲማ ያኔ አሸዋ ያዘለው ነፋስ ፊት የሚልጥበት ጊዜ ነው። ማክሰኞ ማታ መብራት ሄዶ መጥቶ ሄዶ መጣ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቢሮ ገብቼ «ማን አለ?» ብል መልሱ ባዶ ሆነ። ርእሱ ብቻ መጣ፣ ከሥሩ ምንም። «ምን ሆንሽ?» ብዬ ስጠይቅ የኮምፒውተሩ ሆድ ሞልቷል፣ መጻፊያ ቦታ የለም የሚል ነገር አመጣልኝ። ለማስነሳት ሞከርኩ፤ ተነስታ ወዲያው ወደቀች። «ቤቶች!» አልኩ። የሚሠራ ነገር የለም አለኝ።

ሐጂ ከከተማው መሀል ኢድሪስ የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ አስጠሩ። ዶራሌ ላይ ተራ የሚጠብቁት ሾፌሮች ስልክ ደግሞ ይጮኻል፣ እኔ «ትንሽ ታገሱን» እላለሁ። በዚህ መሀል ወንድም ጋሼ ገባ፤ ብቻውን አልነበረም። ሽርጥ ያገለደሙ፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው የያዙ ቀጭን ሰውዬ አስከትሏል።

ጋሽ ሰይድ ይባላሉ። አገር ቤት፣ ሐርቡ ገበያ ልብስ ሰፊ ናቸው። ወንድም ጋሼ ሚሌ ላይ ነው ያገኛቸው፤ ጅቡቲ የሚሄድ መኪና እየለመኑ። ገና ከመቀመጣቸው ነገሩን ዘረገፉት። ለይላ የምትባል ልጃቸው የአሥረኛ ክፍል ፈተና ወደቀች። እሳቸው በንዴት «ፊትሽን እንዳላይ» አሏት። እሷም ቃላቸውን አከበረች፤ በማግስቱ ፊቷን አላዩም። ሁለት ወር ሙሉ ወሬዋ ጠፋ። ባለፈው እሑድ ለጓደኛዋ በሰው ስልክ ደውላ «ጅቡቲ ነኝ፣ ሐሙስ ከኦቦክ ጀልባ እሳፈራለሁ» አለቻት። ያ ስልክ ከዚያ ወዲያ ዝግ ነው። ጓደኛዋ ግን ሌላ ነገርም ሰምታለች፦ ጅቡቲ ውስጥ ሾፌሮች ቢሮ ያለች አንዲት ሴት ውሃ ሰጥታ ስሟን ጽፋለች፣ ያለችበትንም ቤት ስልክ ጽፋለች።

«ሐሙስ ነገ ነው» አሉ ጋሽ ሰይድ፣ እኔ እንደማላውቅ።

የመን ምን እንደሆነች ያኔ ሁላችንም እናውቅ ነበር። የሚሻገሩት ይሻገራሉ፤ ጦርነት ውስጥ ይገባሉ። ከባሕሩ የማይወጡም ነበሩ። ለይላን አስታውሳት እንደሁ ጠየቁኝ። አላስታውሳትም። መዝገቤ ላይ ከሦስት መቶ በላይ ስም አለ፤ ስንቷ ለይላ ውሃ ጠጥታለች። ፊቷን ላስታውስ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ የታየኝ ባዶው ጥቁር መስኮት ነው።

«ጽፈሻታል አይደል?» አለ ወንድም ጋሼ።

«ጽፌያታለሁ።»

«ታዲያ አውጪልን።»

ማውጣት እንደማልችል ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። «እኔ ምን ብዬሽ ነበር?» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ እንግዳው እንዳይሰሙ። «ወረቀት ቢሆን ይኸኔ ገልጠን አይተነው አልነበር?»

ኢድሪስ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። ሸሚዙ ነጭ፣ ሽቶው ከበሩ የሚሸት፣ የመኪና ቁልፉን በጣቱ የሚያዞር ሰው ነው። ተቀምጦ እኔ የጻፍኳቸውን ትእዛዞች አይቶ ቅንድቡን አነሳ፤ ማን እንደጻፋቸው ግን አልጠየቀም። ትንሽ አይቶ ለሐጂ ቀላል ነው አላቸው። የኮምፒውተሩ ሆድ በማይረባ ነገር ተሞልቷል። የቆሙትን ኮንቴነሮች በሙሉ በአንድ ትእዛዝ ጠርጎ ያወጣል፣ ቦታ ይገኛል፣ የተራውን ክፍል ከዋናው ቅጂ አዲስ አድርጎ ይሠራል። ግማሽ ሰዓት። ጫት ሳይገባ ያልቃል።

ጅቡቲ ያልኖራችሁ ይህን ልንገራችሁ። እዚያ የቀኑ ልብ ያለው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ከድሬዳዋ የሚመጣው ጫት ያኔ ይገባል፤ የመኪና ጥሩንባው ሲሰማ ሠራተኛው፣ ባለሙያው፣ አለቃው፣ ሁሉም ብን ይላል። ከሰባት ሰዓት በኋላ ኢድሪስን ማግኘት ማለት ነገ ጠዋት ማለት ነው።

«የሾፌሮቹ ተራ አይጠፋም ወይ?» አልኩት።

ምንም አይጠፋም አለኝ። ይህን የሠራው ልጅ ብልህ ነው፣ የተራው መዝገብ የሚቀመጠው ከኮንቴነሩ ውጭ በተለየ ቦታ ነው፤ ኮንቴነሩ ቢጠፋ መዝገቡ አይነካም። ከዚያ፣ እኔን ሊያጽናና፣ «ማዳም፣ ውስጥ ምንም የለም» አለኝ።

የምወዳት ክፍል ኪራይ ቤት እንደነበረች ያኔ ገባኝ። ኤርሚያስ ዕቃውን ውጭ ሲያስቀምጥ እኔ ሦስት መቶ ነፍስ ውስጥ አስተኝቻለሁ። ስትቆምና ስትነሳ ያልጠፋው፣ ስትሰረዝ እንደሚጠፋ አስቤው አላውቅም።

ኢድሪስ ትእዛዙን መጻፍ ጀመረ። በቀይ የተጻፈችዋን ቃል ፊደል በፊደል ስክሪኑ ላይ አየኋት። እጄን ዘርግቼ በኪቦርዱና በእጁ መሀል አኖርኩ። እንዲህ ያለ ድፍረት ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም፤ ወለል የምወለውል ሴት እኮ ነኝ። ኢድሪስ ወደ ሐጂ ዞረ። ሐጂ መነጽራቸውን አወለቁ።

እዚያው ቆሜ ተናዘዝኩ። ለአሥራ አራት ወር በቢሯቸው ኮምፒውተር ላይ የሚሻገሩ ልጆችን ስም ስጽፍ እንደነበር፣ ፈቃድ እንዳልጠየቅኩ፣ ያ ሁሉ ስም አሁን ሊሰረዝ በተዘጋጀው ውስጥ እንዳለ፣ የእኚህ ሰው ልጅም እዚያ እንዳለች፣ ነገ እንደምትሄድ። ሶማልኛዬ ሲያልቅ በአማርኛ ጨረስኩት።

ሐጂ መነጽራቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ፖሊስ ቢመጣ ይህ ነገር ምን እንደሚያስከትልባቸው እያሰቡ እንደሆነ ገብቶኛል። ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ቁርጤን ይዣለሁ። ዓይናቸው ግን ወደ ጋሽ ሰይድ ሄደ። ጋሽ ሰይድ አንድም ቃል ሶማልኛ አይሰሙም፤ ኮፍያቸውን በእጃቸው እያዞሩ የእኔን አፍ ያያሉ።

«አንቺ ሴትዮ» አሉኝ ሐጂ፣ «ቢሮዬን መናኸሪያ አደረግሽው ማለት ነው።» ከዚያ ወደ ግድግዳው ሰዓት አዩ። «ጫቱ እስኪገባ ወንበሩ የአንቺ ነው። ከዚያ ኢድሪስ ይጠርጋል።»

ስድስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ኢድሪስ ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ፤ እጄ ላብ ስለሆነ ገጾቹ ይጣበቃሉ። ከኤርሚያስ የቀረችኝ አንዲት ያልነካኋት ቃል ነበረች። «ማን አለ?» ላይ ያችን ፊደል ጨመርኩባት።

«ማን ነበረ?» ብዬ ጠየቅሁ።

መጣች። ስሟ፣ ከተሠራች ስንት ጊዜ እንደሆናት፣ ከጎኑ «ቆማለች»። ሞታለች አላለም፤ ቆማለች ነው ያለው። ሳላስበው «አለች» ብዬ ጮኽኩ፤ ጋሽ ሰይድ ከወንበራቸው ብድግ አሉ፤ ልጃቸውን ያልኩ መስሏቸው ነው። ወንድም ጋሼ ትከሻቸውን ይዞ አስቀመጣቸው።

የቆመች ክፍል ውስጥ ገብቶ ማየት አይቻልም፣ ይህን ጠዋት አይቻለሁ። ደብተሬ ላይ ግን «ቅጂ» ከሚለው ሥር ኤርሚያስ በትንሹ «ብትቆምም ይሠራል» ብሎ አጽፎኛል። ስጽፈው ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። የኮምፒውተሩ ሆድ ስለሞላ የምቀዳበት ፍላሽ ከኢድሪስ ተዋስኩ። ትእዛዙን ጻፍኩ፣ የክፍሏን ስም፣ የፋይሉን ስም። እንዲህ ያለ ፋይል የለም አለኝ። መንገዱን ቀይሬ ጻፍኩ። የለም። ሌላ መንገድ ሞከርኩ። የለም።

ለካ አድራሻውን አላውቀውም። «ቤቶች!» ብዬ ስገባ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ቆሜ ነው የምገኘው፤ ያ ቦታ ምን እንደሚባል ጠይቄ አላውቅም። ቤቱን አውቀዋለሁ፣ በእግሬ ስሄድ እደርሳለሁ፣ ሰው ቢጠይቀኝ ግን የቤት ቁጥሩን መናገር አልችልም። ለስድስት ሰዓት ተኩል አምስት ጉዳይ ሆነ። ለስድስተኛ ጊዜ «የለም» ሲለኝ ዓይኔ ውስጥ የገባው ላብ ይሁን እንባ መለየት አቃተኝ።

ኢድሪስ እስከዚያ በሩ ላይ ቆሞ ስልኩን ይነካካ ነበር። ቁልፉን ኪሱ ከተተ። መጥቶ ከኋላዬ ጎንበስ አለና ስክሪኑን አየው፤ ከዚያ ጉልበቴ ላይ ያለውን ደብተር አየው፤ ላቲኑን ከጎኑ ካለው የአማርኛ ፊደል ጋር። ማን ነው ያስተማረሽ አለኝ። ይኸው ደብተሩ ነው አልኩት።

«አንዲት ይጎድልሻል» አለኝ።

ያጻፈኝ ትእዛዝ አጭር ነው። አንዲት ክፍል ከተሠራችበት ቀን ጀምሮ ውስጧ የተጨመረውንና የተለወጠውን ብቻ ነቅሶ ያወጣል፤ ብትቆምም። ከዚያ ራሱ መጻፍ ይችል ነበር፤ አልጻፈም። እጄን ጠበቀ። ጻፍኩና ተጫንኩት። መስመሮች እየተከታተሉ ወረዱ፤ አብዛኛው የማላውቀው የማሽን ጉዳይ ነው። ከመሀል ላይ፣ በላቲን ፊደል፣ በራሴ እጅ የሰየምኩት ስም፦ እንግዶች። ከፊቱ ሙሉ አድራሻው።

አድራሻውን አንድ ፊደል ሳልስት በጣቴ እየተከተልኩ ገለበጥኩት። «ቅጂ» አልኳት። ምንም አላለችም፤ ጥቁሩ መስኮት ሲሳካለት ዝም ነው የሚለው። ፍላሹን ከፍቼ ሳይ ፋይሉ አለ። ስከፍተው ከላይ የመጀመሪያው ስም መጣ፤ እየጎተትኩ ወረድኩ። አራት ለይላ አገኘሁ። ሦስተኛዋ ከሐርቡ ናት። ከስሟ ጎን በራሴ ቋንቋ እንዲህ ጽፌያለሁ፦ «ሆዳን ሰፈር፣ ሰው ቤት ልጅ ትጠብቃለች፤ ሐሙስ ትሄዳለች፤ ቤተሰቤ ከጠየቀ ቁጥሩን ስጪ፣ ካልጠየቀ ተይው።»

ይህን ጮክ ብዬ አነበብኩት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ያዘንኩት። ጋሽ ሰይድ «ካልጠየቀ ተይው» የሚለውን ለራሳቸው ደገሙት።

የቤቱን ስልክ ደወልኩ። ጮኾ ጮኾ ቆመ። መልሼ ደወልኩ። በሁለተኛው አንዲት ቀጭን ድምፅ በዐረብኛ «ማን ነው?» አለች።

«ለይላ፣ ውሃ የጠጣሽበት ቢሮ ነኝ።»

«እትዬ ሙሌ?» አለች። ስሜን አስታውሳዋለች፤ እኔ ነኝ ፊቷን የረሳሁት።

ስልኩን ለአባትየው ሰጠሁ። መንገድ ሙሉ፣ ከሐርቡ እስከ ጅቡቲ፣ ምን እንደሚሏት ሲያጠኑ እንደመጡ ወንድም ጋሼ ነግሮኝ ነበር። ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት። ያጠኑት ሁሉ ጠፋባቸው።

«ለይላ» አሉ። «ፊትሽን ላይ መጣሁ።»

ከዚያ ወዲያ የተባለውን አልሰማሁም፤ ሁላችንም ወደ ሌላ ሌላ ስናይ ነበር። ውጭ የጫቱ መኪና ጥሩንባ ተሰማ። ኢድሪስ አልተንቀሳቀሰም። ሐጂ ናቸው ቁልፋቸውን አንስተው የሄዱት። እየወጡ ወንድም ጋሼን በመኪናህ አድርሳቸው ብለውት፣ ከባድ መኪና ይዞ ሆዳን መንደር ውስጥ መግባት እንደማይችል ትዝ ሲላቸው ታክሲ ያዙ አሉ።

ሆዳን ስንደርስ አዲሶቹ ቤቶች መሀል መንገዱ ነጭ ሆኖ ዓይን ያጠፋል። ለይላ ከብረቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን፤ ሁለት ዓመት የማይሞላው ልጅ ታቅፋለች። አባቷን ስታይ ልጁን ማስቀመጥ ጠፋባት፤ ልጁን እንዳቀፈች ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ልጁ የጋሽ ሰይድን ኮፍያ ነጥቆ ሳቀ። ሁሉም ሳቀ። ያ ልጅ ባይኖር ኖሮ ማን መጀመሪያ ይናገር እንደነበር አላውቅም።

አሁኑኑ እንሂድ አሏት። እሷ አይሆንም አለች። ልትሻገር የቆረጠች መሰለኝ። ነገሩ ሌላ ነው፤ የቤቲቱ ባለቤት ለሥራ ዲኪል ሄዳለች፣ የምትመለሰው ቅዳሜ ነው። «አደራ ሰጥታኛለች፣ አባ። ልጁን ለማን ትቼ?»

ነገ ማለዳ ማንን ትታ ልትሄድ እንደነበር ማንም አልጠየቃትም። እሷ ራሷ ግን ገባትና ልጁን አጥብቃ ይዛ አንገቷን ደፋች። ጋሽ ሰይድ እስከ ቅዳሜ ልጠብቅሽ አሉ። ወንድም ጋሼም ዶራሌ ላይ ተራው እስኪደርስ ጋቢናው ውስጥ ያድራሉ አለ። ሐሙስ መጣ፤ ሐሙስ ሄደ። ጋሽ ሰይድ በዚያ ቀን ከመኪናው ጎን ባለ ጥላ ተቀምጠው የሾፌሮቹን የተቀደደ ሸሚዝ በሙሉ ሲሰፉ ዋሉ። ቅዳሜ ሁለቱም በወንድም ጋሼ መኪና አገራቸው ገቡ።

ወዳጆቼ፣ ከዚያ ረቡዕ በኋላ ምን ተለወጠ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ኢድሪስ ያን ቀን ጫቱን ትቶ ጠበቀኝ፤ ከሆዳን ስመለስ እስከ አሥር ሰዓት አብሮኝ ተቀመጠ። ኮንቴነሩን በራሴ እጅ አስወገድኩት፣ በቀይ የተጻፈችዋን ትእዛዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ነካኋት፣ አዲሱንም በራሴ እጅ ሠራሁት። እንግዶቼን ውጭ፣ ከሾፌሮቹ ተራ ጎን አኖርኳቸው። ሐጂ በማግስቱ መጥተው መዝገቡን አሳዪኝ አሉ። ቁጭ ብለው ስሞቹን አንድ በአንድ አስነበቡኝ፤ ሲያበቁ ግልባጩን ሁለት ቦታ አስቀምጪ፣ የቢሮዬን ስም ግን አትጻፊበት አሉኝ። በዚያው ሳምንት ሌላ የጽዳት ሠራተኛ ቀጠሩ። እኔ መወልወያዬን ያን ጊዜ ነው ያስቀመጥኩት። ኢድሪስ ረቡዕ ረቡዕ ከጫት በፊት እየመጣ አስተማረኝ፤ ዛሬ እሱ ሲጨናነቅ ሌላ ቢሮ ሄጄ የምሠራው እኔ ነኝ።

ግን ይህ የሥራ ጉዳይ ነው። እኔ የተለወጥኩት ሌላ ቦታ ላይ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የማላውቀውን ነገር መጠየቅ ያሳፍረኝ ነበር፤ አላዋቂነቴን ሰው እንዳያይብኝ ስሸሽ ነው አድራሻውን ሳልጠይቅ አሥራ አራት ወር የገባሁ የወጣሁት። ማንም ሳያውቅ የሠራሁት ደግ ሥራ፣ ማንም ስላላወቀው ብቻ ሊጠፋ ነበር። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ነገር ካለ ለአንድ ሰው ንገሩ። ደግሞም ባዶ መልስ ሲመጣላችሁ አትቸኩሉ፤ ጥያቄው ላይ አንዲት ፊደል ጨምራችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። እኔ ስንቱን «የለም» ብዬ ትቼው እንደነበር ሳስብ ይገርመኛል፤ ትምህርቴን ጭምር።

ከመዝገቡ ላይ ያሉት ሁሉ እንደ ለይላ አልተገኙም። የደወሉ እናቶች አሉ፣ ቁጥር ሰጥቻቸው ማንም ያላነሳው። እሱንም እጽፈዋለሁ።

ለይላ ፈተናውን በግል ተፈትና አለፈች ብለው ጋሽ ሰይድ ደውለው ነግረውኛል።

ወንድም ጋሼ ስለዚያ ረቡዕ ከእኔ ጋር አንድም ቀን አላወራም። ከወር በኋላ ግን መጥቶ ደብተርሽን አውሺኝ አለኝ። ዶራሌ ላይ ተራ ሲጠብቅ፣ ጋቢናው ውስጥ ተቀምጦ፣ ትርጉሙን የማያውቀውን ላቲን ፊደል በፊደል፣ የእኔንም የአማርኛ ስሞች ከጎኑ፣ በአራት ቀን በእጁ ገለበጠው። ቀዩን በቀይ ጻፈው። የእኔን መለሰልኝና የራሱን በላስቲክ ጠቅልሎ ከመኪናው ሊብሬ ጋር ከወንበሩ ሥር አስቀመጠው።